ስለ ዓይንሽ፣ ስለ ውሃውም

ባሕር ዳር
ኅዳር 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለምወድሽና ለማከብርሽ እናቴ፣

ትንሹ ልጄ «አያቴ መቼ ነው የምትመጣው?» እያለ ያደርቀኛል። ስልኩ አንድ ቀን ሠርቶ ብዙ ቀን ስለሚጠፋ፣ ሲሠራም እየተቆራረጠ መደማመጥ ስላቃተን፣ ይህን ደብዳቤ ወደ ግንደወይን ለሚሄድ ሰው በእጁ ሰጥቼዋለሁ። የወንድሜ ልጅ ታንብብልሽ። አንቺ አንባቢዋ፣ «አክስቴ አበዛችው» ብለሽ መስመር እንዳታስቀሪ፤ ውስጡ ያንቺም ጉዳይ አለበት።

እምዬ፣ የምጽፍልሽ ስለ ዓይንሽ ነው። ጤና ጣቢያ ሄደሽ የላይኛው የዓይንሽ ቆብ ወደ ውስጥ መታጠፉን ነግረውሽ፣ በጥር ወር የቀዶ ሕክምና ሠሪዎቹ ሲመጡ እንድትሠሪ ስምሽን ሊመዘግቡ ሲሉ «ይቅርብኝ» ብለሽ እንደተመለስሽ ወንድሜ ነገረኝ። ሁለት ምክንያት ሰጥታለች አለኝ። አንደኛው «በዚህ ዕድሜዬ ዓይኔን ስለት አይነካኝም» ነው። ይህስ የማንም ሰው ፍርሃት ነው፤ ኋላ እንነጋገርበታለን። እንቅልፍ የነሳኝ ሁለተኛው ነው። «ፊቴን ሳልታጠብ፣ ልጆቼንም ሳላጥብ ኖሬ በገዛ እጄ ያመጣሁት ነው፤ ለራሴ ጉድ ሰው አላስቸግርም» ብለሻል። ይህን ማን ነገረሽ? የነገረሽስ ውሃ ቀድቶ ያውቃል?

ወረንጦሽን መቼም አልረሳውም። ጣቷ ቀጭን ነው፣ ዓይኗም ያያል ተብሎ ሥራው ለእኔ ተሰጥቶ ነበር። እንጀራው ተጋግሮ ካበቃ በኋላ፣ ከብቱ ሳይገባ፣ ደጃፉ ላይ እንቀመጣለን። ከመቀነትሽ ጫፍ ቋጠሮውን ፈትተሽ ወረንጦዋን ታወጪና ራስሽን ጉልበቴ ላይ ታስደግፊያለሽ። ቆቡን በአውራ ጣቴ ገፋ አድርጌ ሳየው ሦስት አራት ፀጉር ወደ ውስጥ ተቀልብሶ ብሌንሽን ይጠርጋል። አንዱን ስነቅል እንባሽ በጆሮ ግንድሽ ይወርዳል፤ አንቺ ግን «ጎሽ የኔ ልጅ፣ ደግሞ ያንን» ትይኛለሽ። ለጥቂት ቀን ይቀልልሻል። ከዚያ ፀጉሩ አጭርና ደረቅ ሆኖ ሲበቅል ከፊተኛው ይብሳል፤ በተለይ በመሃሉ ተሰብሮ የቀረው እንደ እሾህ ይወጋሻል። ምጣድ ስታሰሚ ጢሱ፣ ውጭ ስትወጪ ፀሐዩና ነፋሱ ያሰቃይሽ ነበር። እኛ ልጆችሽ ግን የሁሉም እናት ዓይን እንደዚህ የሚያለቅስ ይመስለን ነበር፤ በእርግጥም በጎጣችን ከየቤቱ እንዲህ የምትሆን አንድ ሴት አትጠፋም ነበር።

ሐኪም ትራኮማ የሚለው፣ አገሩ ማዝ የሚለው ይህ በሽታ አንድ ጊዜ ይዞ ዓይን የሚያጠፋ አይደለም። ሕፃኑ ይያዛል፣ ዓይኑ ይቀላል፣ አይናር ያወጣል፣ ይድናል፤ ሳይከርም ደግሞ ከወንድሙ ወይም ከጎረቤት ልጅ ይያዛል። እንዲህ እየተመላለሰ ዓመት በዓመት ላይ ሲደራረብ የቆቡ ውስጠኛ ገጽ ይጠባበሳል። ጠባሳው እየተኮማተረ ሲሄድ የቆቡን ጠርዝ ወደ ውስጥ ይስበዋል፤ ሽፋሽፍቱም አብሮ ይገባና ብርሃን የሚያስገባውን ጥቁሩን ክፍል ሌት ተቀን ይቧጥጠዋል። በመጨረሻ ብሌኑ ላይ ነጭ ይወጣበታል። ይህ ሁሉ እስኪሆን ሃያና ሠላሳ ዓመት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይፈጃል። ስለዚህ እምዬ፣ ዛሬ ዓይንሽን የሚቧጥጠውን ፀጉር ያጠፈው በሽታ የጀመረው አንቺ በእናትሽ ጀርባ ታዝለሽ ሳለሽ ነው። ያኔ ፊትሽን ማጠብ የአንቺ ሥራ አልነበረም። አያቴም ብትሆን ሰነፍ አልነበረችም፤ ውሃው የት እንደነበር አንቺው ነግረሽኛል።

እስቲ ያንን ውሃ እንመልከተው። ምንጩ ከቁልቁለቱ ግርጌ ነው። ባዶውን ይወረዳል፣ ሙሉውን ይወጣል። በአያቴ ዘመን እንስራ ነበር፣ ባንቺ ዘመን ጀሪካን ሆነ፤ ሀያ ሊትሯ ጀሪካን ሀያ ኪሎ ናት። ለአንድ ሰው ለመጠጡም፣ ለምግቡም፣ ለንጽሕናውም በቀን ቢያንስ 20 ሊትር ያስፈልገዋል ይባላል። ስድስት ነፍስ ላለበት ቤት ስድስት ጀሪካን መሆኑ ነው፤ በየቀኑ፣ በሴት ጀርባ፣ ሽቅብ። በመጋቢት ምንጩ ሲቀጥን ደግሞ ጎህ ሳይቀድ ተሰልፎ ግማሽ ጀሪካን ይዞ መመለስም አለ። እንዲህ ተለፍቶበት የመጣ ውሃ ቤት ሲገባ ወረፋ አለው። ሊጥ ይቦካበታል፣ ወጥ ይሠራበታል፣ ጥጃው ይጠጣል፣ ለበዓል ጠላ ይጠነሰሳል። ማታ የአባታችን እግር ይታጠባል፣ እንግዳ ከመጣ እጁ ይታጠባል። የልጅ ፊት ግን «ለእሑድ፣ ቤተ ክርስቲያን ስንሄድ» ይባላል። ይህን ወረፋ አንቺ አላወጣሽውም፤ ተወልደሽ ያገኘሽው ነው። የወረፋውን ዕዳ ግን የከፈልሽው አንቺ ነሽ።

ዝንቡንም እናውራው፤ እኛ ቤት ዝንብ የከብት ነው ይባል ነበር። ከልጅ ዓይን ወደ ልጅ ዓይን አይናር የምታመላልሰው ዋነኛዋ ዝንብ ግን ከሁሉም አስበልጣ የምትፈለፈለው ሜዳ ላይ በቀረ የሰው ዓይነ ምድር ውስጥ ነው። ጉድጓድ ውስጥ ሲሆን አይመቻትም። ስለዚህ ሽንት ቤት የሌለበት መንደር ልጁን ምንም ያህል ቢያጥብ ዝንቧ የጎረቤቱን አይናር ይዛለት ትመጣለች። አንዲት እናት ብቻዋን ልታሸንፈው የምትችለው ነገር አይደለም። ለዚህ ነው በአንድ ጎጥ ማዝ ሲኖር በየቤቱ የሚኖረው፣ ሲጠፋም ከየቤቱ የሚጠፋው።

ለምን በሴት ይብሳል? የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በዚህ በሽታ የመታወር ዕድል በሴቶች ላይ ከወንዶች እስከ 4 እጥፍ ይደርሳል። የሴት ዓይን ከወንድ ዓይን በተፈጥሮው ስለሚደክም አይደለም። ተሕዋሱ የሚኖረው ከሕፃናት ዓይን ላይ ነው፤ ሕፃን የሚያዝለው፣ የሚያጠባው፣ አፍንጫውን በነጠላው ጫፍ የሚጠርገው፣ አቅፎት የሚያድረው ማን ነው? አባታችን በልጅነቱ ማዝ ይዞት ይሆናል፤ ሲያድግ ግን ወደ እርሻውና ወደ ገበያው ወጣ። አንቺ መጀመሪያ ከታናናሾችሽ፣ ቀጥሎ ከእኛ፣ አሁን ደግሞ ከልጆቻችን ጋር ነሽ። ዕድሜሽን ሙሉ ከበሽታው ምንጭ አልተለየሽም ማለት ነው። እኛን ስላሳደግሽ ነው የታመምሽው። ይህን በቢሮ ቋንቋ የጤና ፍትሐዊነት ጉድለት ይሉታል፤ እኔ ስሙን ባላውቀው ኖሮም ያንቺን ዓይን አይቼ አውቀው ነበር።

ብቻሽን እንዳልሆንሽ ደግሞ ቁጥሩ ይመሰክራል። በ1998 ዓ.ም. አካባቢ በአገር አቀፍ ደረጃ ዳሰሳ ሲደረግ፣ በአማራ ክልል ከአንድ እስከ ዘጠኝ ዓመት ካሉት ሕፃናት ከ100 ከ60 በላይ በሆኑት ዓይን ላይ ማዝ ተገኝቶ ነበር። ከዓለም ሁሉ በበሽታው ክፉኛ ከተጠቁት ቦታዎች አንዱ የኛ አገር ነው። ታዲያ የአንድ ክልል እናቶች በሙሉ ቸልተኞች ሆነው ነው? ስድሳ ልጅ ከመቶ ሲታመም ጥያቄው የእናት ጥያቄ መሆኑ ያበቃል፤ የመሬቱ፣ የመንገዱና የበጀቱ ጥያቄ ይሆናል።

ፈረንጆቹም እንዲሁ ነበሩ፤ ይህን ስነግርሽ እንደምትስቂ አውቃለሁ። ናፖሊዮን ግብጽን በወረረ ጊዜ ከሁለቱም ወገን የዘመቱት ወታደሮች ማዝ ይዘው ወደ አውሮፓ ተመለሱ። ለንደን ውስጥ ዛሬም ስሙ የሚጠራው የሙርፊልድስ የዓይን ሆስፒታል በፈረንጆች 1805 ሲጀመር የነዚያ ወታደሮች ሕመም ከሥራው ዋነኛው ነበር። ከመቶ ዓመት በኋላ ደግሞ አሜሪካኖች ኒውዮርክ ወደብ ኤሊስ ደሴት ላይ ከመርከብ የሚወርደውን ስደተኛ የጫማ ቁልፍ በሚስቡበት ሜንጦ የዓይኑን ቆብ እየገለበጡ ያዩት ነበር፤ ማዝ የተገኘበት ወደመጣበት ይመለሳል። ዛሬ ያ በሽታ ከነዚህ አገሮች ጠፍቷል። ያጠፋው ግን እኛ ጋ በዘመቻ የሚታደለው መድኃኒት አይደለም፤ ያ መድኃኒት ከመፈጠሩ በፊት አብዛኛው አልቆ ነበር። ውሃ ቤት ድረስ ገባ፣ ቆሻሻ በቱቦ ከመንደር ወጣ፣ በአንድ ክፍል ታፍጎ ያድር የነበረው ቤተሰብ ሰፋ ያለ ቤት አገኘ፣ ልጁም ትምህርት ቤት ገባ። የኑሮው መለወጥ በሽታውን መኖሪያ አሳጣው።

አውስትራሊያ የምትባል ሀብታም አገር አለች። በከተሞቿ ማዝ ከጠፋ ብዙ አሥርት ዓመታት አልፈዋል። በበረሃው ርቀው የሚኖሩት የጥንቶቹ ባለአገሮች፣ አቦርጅኖች የሚባሉት፣ ልጆቻቸው ግን እስከኛ ዘመን ድረስ ሲታመሙበት ቆይተዋል። መንግሥቱ አንድ፣ ገንዘቡ አንድ፣ ሐኪሙም የሞላበት አገር ነው። ቤቱና ውሃው ግን አንድ አልነበረም። አገር ሀብታም ስለሆነ ብቻ ሰው ሁሉ አይድንም፤ ሀብቱ የትኛው መንደር ላይ ደረሰ የሚለው ነው ነገሩ።

ወደ ወረዳችን ወደ ጎንቻ ልመልስሽ። የጤና ሰዎቹ መጥተው ሕዝቡን በጎጥ በጎጥ አሰልፈው ምልክት ባለበት ዘንግ ቁመት የለኩበትን ጊዜ ታስታውሻለሽ? «ለሬሳ ሳጥን ነው የሚለኩን» ያለች አሮጊት ነበረች ብለሽ አስቀሽናል። ዘንጉ እንደ ሚዛን ሆኖ ነው የሚያገለግለው፤ የሰውየው ቁመት የትኛው ምልክት ላይ እንደሚደርስ ታይቶ የአዚትሮማይሲን ኪኒኑ ቁጥር ይወሰናል፤ ሕፃናት ሽሮፕ ይጠጣሉ። መድኃኒቱን ፋብሪካው ፋይዘር ከ1998 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለዚህ ሥራ በነጻ ይሰጣል፤ በክልላችንም ዘመቻውን ከጤና ቢሮው ጋር ሆኖ ለረጅም ዓመታት ሲደግፍ የኖረው የካርተር ማዕከል ነው። ከ1998 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በኛው ጎንቻ ሲሶ እነሴ ወረዳ 72 ጎጦች በዕጣ ተመድበው የተሠራ ጥናት በዓለም የሕክምና መጽሔቶች ታትሟል። ለአንዳንዱ ጎጥ መድኃኒቱ ወዲያው፣ ለአንዳንዱ ቆይቶ ደረሰው። በመጀመሪያው ዓመት መድኃኒቱ በደረሳቸው ጎጦች የሞቱት ሕፃናት መጠን ካልደረሳቸው በግማሽ ያህል ያነሰ ሆኖ ተገኘ። ለዓይን የተሰጠ መድኃኒት ነፍስ አተረፈ ማለት ነው። የሳንባ ምችና ተቅማጥ የሚያመጡ ተሕዋስያንንም ስለሚገድል ሳይሆን አይቀርም ይላሉ።

እኔ ይህን ሳነብ ደስታም ብስጭትም ነው የመጣብኝ። በዘመቻ በተዋጠ መድኃኒት የልጅ ሞት በግማሽ ከቀነሰ፣ እነዚያ ልጆች ይሞቱ የነበረው ሊቀር በሚችል ነገር ነበር። በዚሁ ወረዳ የተከታተሉት ደግሞ ሌላ ነገር አዩ፤ እደላው በቆመባቸው ጎጦች ተሕዋሱ እያደር ተመልሶ መጣ። ኪኒኑ ተሕዋሱን ይገድላል፤ ቁልቁለቱን ግን አያሳጥረውም፣ ምንጩንም አያጎለብተውም።

ታዲያ ውሃ ይግባ ስል፣ ነገሩ ያን ያህል ቀላል እንዳልሆነ አውቃለሁ። በዋግ ኽምራ 40 መንደሮች ላይ ተሞክሮ ነበር። ለግማሾቹ የውሃ ነጥብ ተሠራ፣ ሳሙና ታደለ፣ ስለ ፊት መታጠብና ስለ ሽንት ቤት ትምህርት ተሰጠ፤ ሦስት ዓመት ተከታተሏቸው። በልጆቹ ዓይን ያለው ተሕዋስ ግን ከሌሎቹ መንደሮች የተለየ አልሆነም፤ ውጤቱ በ2022 እ.ኤ.አ. ታትሟል። «እንግዲያ ውሃ አይጠቅምም» የሚል ሰው ይኖር ይሆናል። እኔ የማነበው በሌላ መንገድ ነው። አንድ የውሃ ነጥብና አንድ ሳሙና ሲመጣ ቤቱ ያው ጠባብ ቤት፣ እናቲቱም ያችው ከንጋት እስከ ማታ የምትለፋ ሴት ናት። ሌላው ዓለም ማዝን ያጠፋው አንዱን ነገር ለሦስት ዓመት በመስጠት አይደለም፤ ትውልድ በፈጀ የኑሮ ለውጥ ነው። ደግሞስ ውሃ ለዓይን ባይበጅ እንኳ ለጀርባ አይበጅም? ለአንዲት ልጅ የትምህርት ሰዓት አይበጅም?

አንድ ደስ የሚል ነገር ልንገርሽ። በ1996 ዓ.ም. ገደማ በምሥራቅ ጎጃም ሽንት ቤት የማስቆፈር ዘመቻ ሲጀመር አዘጋጆቹ ያሰቡት ጥቂት ሺህ ጉድጓድ ነበር፤ የተቆፈረው ካሰቡት ብዙ እጥፍ ሆነ። ባሎቻቸውን ያስቆፈሩት ሴቶች ናቸው። የገፋቸውም ማዝ አልነበረም። ወንድ በፈለገበት ሰዓት ሜዳ ይወጣል፤ ሴት ግን ነውር ነው ተብሎ ጎህ ሳይቀድ ካልወጣች ለዓይን ያዝ እስኪያደርግ ድረስ ይዛ ትውላለች። ይህ ሥቃይ ከማንም መዝገብ ላይ በሽታ ተብሎ አልተጻፈም። መፍትሔው በእጃቸው ሲሆን ግን ከተጠበቀው በላይ ተነሡ። «ማኅበረሰቡ አያውቅም፣ ይማር» የሚሉትን ስሰማ እነዚያን ሴቶች አስታውሳለሁ። አላወቁም ማለት አይቻልም፤ የሚጠይቃቸው ነበር የጠፋው።

ጤና ጣቢያው ግድግዳ ላይ ያየሽው ሥዕልም እንደዚያው ነው። አንዲት ፈገግ ያለች እናት የልጇን ፊት በንጹህ ውሃ ታጥባለች፤ ከጀርባዋ ቧንቧ ተስሏል። በኛ ቀበሌ ቧንቧ ያለው ሥዕሉ ላይ ብቻ ነው። የእጅ ፓምፕ ተተክሎ የተመረቀበት ቀን ዕልልታሽን ሰምቻለሁ፤ ዘንጉ ከተሰበረ ወዲህ ግን ላም አለኝ በሰማይ ሆኖ ቀርቷል። ሥዕሉን ያየ ሰው ከእናቲቱ በቀር የሚጠይቀው ሰው አያገኝበትም። አንቺም አይተሽው ራስሽን ጠየቅሽ፣ ራስሽን ከሰስሽ፣ በራስሽም ላይ ፈርደሽ መጣሽ። እኔ የምለምንሽ ይህን ፍርድ እንድታነሺ ነው።

አሁን ወደ ስለቱ። ዓይንሽ ራሱ አይነካም፤ ስለቱ የሚያርፈው ቆቡ ላይ ብቻ ነው። ለዚሁ የሠለጠነ ነርስ ወይም ጤና መኮንን ማደንዘዣ ይወጋሻል፤ መርፌዋ ትቆነጥጣለች፣ ከዚያ በኋላ ግን ሲነካካሽ ይሰማሻል እንጂ አያምሽም። ቆቡን በአግድም ይቀደውና ጠርዙን ወደ ውጭ አዙሮ ይሰፋዋል። በግማሽ ሰዓት ገደማ ያልቃል። ዓይንሽ ታሽጎ ታድሪያለሽ፣ በማግሥቱ ይፈታል፤ ክሩን ለማውጣት ተመለሺ ካሉሽ በቀጠሮው ትሄጃለሽ። ቴትራሳይክሊን ቅባት ይሰጡሻል፣ የሚዋጥ ኪኒንም አለ፤ ከቀዶ ሕክምና በኋላ ያንን መዋጥ ፀጉሩ ተመልሶ እንዳይቀለበስ እንደሚረዳ በአገራችን በተሠራ ጥናት ታይቷል። «ጎረቤቴ ተሠርታ ተመልሶባታል» ማለትሽን ሰምቻለሁ። እውነት ነው፣ የሚመለስበት ሰው አለ፤ ሲመለስም እንደገና ይሠራል። ብሌንሽ ላይ የወጣው ነጭ ይጠፋል ብዬም አልዋሽሽም። ግን በክልላችን ከተሠሩት ሴቶች መካከል የማየት አቅማቸው ያልጨመረው እንኳ ሕመሙ ስለቆመላቸው ሥራቸውም ኑሯቸውም እንደቀለላቸው ተጠይቀው ተናግረዋል። ጠበሉንም አትተዪ፤ ሁለቱ አይጣሉም።

ሌላው ያልተናገርሽው ምክንያትም ይገባኛል። ሕክምናው ነጻ ነው ይሉሻል፤ ያንቺን ሳምንት ግን የሚከፍልልሽ የለም። ማን ይጋግራል፣ ማን ይቀዳል፣ ማን ከብት ያስገባል ብለሽ ነው። ቀጠሮው ከአስተርእዮ ማርያም በኋላ ስለሆነ ውቂያው አልቋል። ፈቃድ ጠይቄ እመጣለሁ፤ እጅሽን ይዤ የማስገባሽም፣ እንጀራውን የምጋግረውም እኔ ነኝ። መንገዱ ተዘግቶ ብቀር ከምራትሽ ጋር ተነጋግረናል፣ እሷ ትይዝሻለች። ውሃውን ወንድሜ ይቅዳ። አህያዋ አለች፣ እሱም ጤነኛ ነው። ወንድ ልጅ ጀሪካን ቢጭን ማዕረጉ አይቀነስም፤ ይህን ስታነቢ ድምፅሽን ከፍ አድርጊው የኔ ልጅ፣ አባትሽ ይስማ።

አንባቢዋ፣ ያንቺ ጉዳይ እዚህ ላይ ነው። ጠዋት ውሃ ቀድተሽ ስትደርሺ የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ እንደሚያልፍሽ ሰምቻለሁ። እምዬ፣ ሕክምናሽ ሲያልቅ ወንድሜ አህያዋን ለምዷል ማለት ነው፤ በዚያው ይቀጥልበት። ልጅቷ በሰዓቷ ትምህርት ቤት ትግባ። ያንቺ ዓይን ታሪክ በእሷ ላይ እንዳይደገም ከማውቀው መድኃኒት ሁሉ ይህን አስበልጠዋለሁ። ትንሹንም ልጅ፣ ውሃ ባነሰበት ቀን፣ ፊቱን በእጅ መዳፍ በምትያዝ ውሃ ብትዳብሱት ይበቃል። የአንዱን አፍንጫ በጠረጋችሁበት ጨርቅ የሌላውን አትጥረጉ።

አንድ ነገር ልጨምርና ላብቃ። አንቺ በዕድሩም በሰንበቴውም ተናግረሽ የምትሰሚ ሰው ነሽ። ዓይንሽ ሲሻል ቀበሌው በሚጠራው ስብሰባ ላይ ተቀመጪ። የውሃ ኮሚቴው ውስጥ ወንዶች ብቻ እንዳሉ አውቃለሁ፤ ወንዝ የማይወርድ ሰው የፓምፑ መሰበር እንዴት ይሰማዋል? ስማችሁን አስመዝግቡ፣ አንቺና ጓደኞችሽ። «ፊታችሁን ትታጠባላችሁ?» ብሎ የሚጠይቅ ሲመጣ አታቀርቅሪ። ቀና ብለሽ፣ በጥሩ አማርኛሽ፣ የፓምፑ መለዋወጫ መቼ እንደሚመጣ ጠይቂው፤ የሚሰጥሽን ቀንም ልጅቷ ደብተሯ ላይ ትጻፈው።

ከዚህ ጋር ቡናና ስኳር፣ ለፀሐዩ የሚሆን ሰፊ ባርኔጣም ልኬያለሁ። መልእክተኛው እሑድ ስለሚመለስ «እሺ» ወይም «እምቢ» የሚለውን በሱ ላኪልኝ፤ «እሺ»ን እጠብቃለሁ። ለወንድሜና ለምራትሽ፣ ለጎረቤቱ ሁሉ፣ ለነፍስ አባታችንም ሰላምታዬ ይድረስ። ጸሎትሽ አይለየኝ።

የምትወድሽ ልጅሽ